በመርሳ በኩል የመጣ መርዶ

ወልድያ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳናይት ካሕሱ
መቀሌ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እናትሽስ እንዴት ናት? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ለምን ስልክ አያነሱም ብለሽ ተቆጥተሻል፤ ሳነሳውማ ወፍጮ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ኢንተርኔቱም እዚህ ከጠፋ ስለ ሰነበተ መኖሩን ራሱ ረስተነዋል። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በወረቀት እንጻጻፍ፤ የፊደል ግድፈትሽንም በዚያው አርምልሻለሁ።

መጽሐፉ ደርሷል። ዮናስ ሾፌሩ ከመናኸሪያ ቤቴ ድረስ አምጥቶ አስረከበኝ። ደርሷል ስል ግን ሲሶው ነው። ስፈታው ሽፋን አለው፣ ጀርባ የለውም! ልብ ወለድ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ ሲላክ ይኸው በአንቺ አየሁ። «አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ እኩል እናንብበው ብዬ ነው» ያልሽው ገብቶኛል። ልቆጣሽም አልችልም፤ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንዱን መጽሐፍ ስፌቱን ፈትቼ ለክፍላችሁ በየተራ ያደልኩት እኔው ነኝ። ያኔ የፈታሁት በመርፌ ነበር። አንቺ በቢላ ነው የቆረጥሽው፤ ከየገጹ ጠርዝ ፊደል ጎድሏል።

ስለ መጽሐፉ፣ ስለ «ቆጣሪው»፣ ምን ተሰማዎት ላልሽው፣ ገና አላወቅኩም። ደራሲያችን ዕድሜውን ሙሉ ስለ ርስትና ስለ ፍርድ ቤት ሲጽፍ ኖሮ በስተርጅና ሰይጣን ቤት መግባቱ አስገርሞኛል። አጀማመሩን ወድጄዋለሁ። ዳዊትና ቤተልሔም ኮንዶሚኒየም ዕጣ ይወጣላቸዋል፤ ማንም ገብቶበት የማያውቅ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ቤት ነው። ታዲያ ዘግተው ውለው ሲመለሱ የመብራት ካርዳቸው አልቆ ይጠብቃቸዋል። ጩኸት የለም፣ ደም የለም። የሆነ ሰው መብራት አብርቶ ውሏል፣ በቃ። እንዲህ ነው እንጂ ማስፈራራት! ብቻ መጨረሻ ላይ ምንነቱን ሳይነግረን ቢዘጋው አልምረውም።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ። መቀሌ መናኸሪያ ያገኘሽው የወልድያ ልጅ «ቤታችሁ ሰይጣን ሰፍሮበታል» እንዳለሽ ጽፈሽ፣ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ ብለሻል። እውነት ነው። ያሰፈርኩት እኔ ነኝ።

በጦርነቱ ጊዜ እናንተ ወደ መቀሌ በሄዳችሁ ሰሞን አንድ ሰውዬ ፌሮ ይዞ ጓጉንቸራችሁን ሊሰብር መጣ። «ባለቤት የለውም» ይላል። «አለው» ብለው ለሰውዬው አልገባውም፤ በሌላ ቀን ሌላ ሰው አስከትሎ ተመለሰ። እኔ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፤ ጉልበትም ዘመድም የለኝም። ያለኝ ንባብ ነው። ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ለደብሪቱ «ከጋሽ ካሕሱ ቤት ድምፅ እየሰማሁ መተኛት አቃተኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ደብሪቱን ታውቂያታለሽ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ከተባለች ሽንኩርቷን ጥላ ትሄዳለች። ምን ዓይነት ድምፅ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ነው የደራሲያችን የድሮ መጻሕፍት የጠቀሙኝ፤ ሰዎቹን ሁሉ የሚያሳምነን በአመላቸው ነው። ዝም ብሎ የሚያቃስት መንፈስ ማንም አያምንም፤ ትንሽ አመል ሊኖረው ይገባል። እኔም አባትሽን አሰብኩና፣ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መዘጋቱን ለማየት ጓጉንቸሩን ያንቃቃል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል አልኳት። ከሰዓት በኋላ ወሬው ቀድሞኝ ሰፈር ገብቶ ነበር። ፌሮ የያዘው ሰውዬ ዳግመኛ አልታየም። የጆሮዬ ነገር በሰፈሩ የታወቀ ሆኖ ሳለ «አንቺ እንዴት ሰማሽው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

ስለ አባትሽ የምጽፈው የለኝም። «መርሳ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ከሱቁ ሚስማርና ቆርቆሮ ሊያደርስ ከወጣና መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የሰማሁት የለም። መልካም ወሬ ቢኖረኝ ከሰላምታው አስቀድመው ነበር።

ቀጣዩን ሲሶ ቶሎ ላኪ።

ዘነበች


መቀሌ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘነበች

እንደምን ከረሙ? ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የትምህርት ሰሞን ስለሆነ ደብተር ስቆጥር ነው የከረምኩት። ስለ ቢላውም ይቅርታ። መቀስ ሞክሬ አልቆርጥ ብሎኝ ነው።

ቤታችን እንዴት እንደ ተረፈ ያነበብኩ ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ፊት ብቻዬን ሳቅኩ። ጓጉንቸር ያንቃቃል የሚለው ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አጥፌ ወደ ጓዳ ገባሁ። አባዬ እውነትም እንደዚያ ነው። በሩን ዘግቶ ጥቂት ይሄድና ይመለሳል። «ካሕሱ፣ ዘግተኸዋል» ትለዋለች እማዬ፤ «ዘግቼዋለሁ፣ ግን ልየው» ይላታል። እኛ ረስተነው የነበረውን እርስዎ ማስታወስዎ ገረመኝ። አመሰግናለሁ ማለት አነሰብኝ።

ስለ እማዬ የጠየቁኝን ልመልስ። እማዬ ወሬውን አልሰማችም። እንዳትሰማም እጠብቃለሁ። ሰይጣን ሰፍሮበታል ብትባል ደንግጣ ጸበል ለጸበል ታንከራትተኛለች። ጤናዋ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣችው። ማታ ማታ ትቀመጣለች። ለምን አትተኚም ስላት «መኪና ሲያልፍ ሰምቼ ነው» ትለኛለች። ሰፈራችን መኪና የሚያልፍበት አይደለም።

ሁለተኛውን ሲሶ ልኬያለሁ። ቤተልሔም ምን እንደምታደርግ አልነግርዎትም። ምንነቱን ሳይነግረን ቢዘጋው አልምረውም ላሉት ግን እኔ ተቃራኒ ነኝ። ከነገረንማ ምኑን መንፈስ ሆነ? ክፍል ውስጥም በዚህ ተጣልተን ነበር፤ «መልስ የሌለው ጥያቄ ፈተና ላይ አይወጣም» ብለው አስቀመጡኝ። አሁን ፈተና የለም፤ አልቀመጥም።

ዳናይት


ወልድያ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳናይት

ደብዳቤሽ ከመጽሐፉ ጋር ደርሶኛል። «አልቀመጥም» ያልሽውን በቀይ አስምሬበት አስቀምጬዋለሁ፤ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው።

ቤተልሔም አናዳኛለች። ባሏ ኤሌክትሪከኛ እንጥራ ሲላት እሷ ለማታውቀው መንፈስ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርታለት ትወጣለች! እራት ታስቀርለታለች! ጭራሽ «ዛሬ ቆየህ» ትለዋለች። የተማረች ሴት ናት እኮ፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ደራሲው ግን ምንም አይፈርድባትም፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ዝም ብሎ ይተርካል። ይህን ዝምታውን ነው የምወድለት። መንፈሱ ከዚህ በፊት ኮንትራክተሩ የበደለው የቀን ሠራተኛ ነው የሚል ግምት አለኝ። ልክ ነኝ? አትንገሪኝ።

ሰው አሁንም ያምናል ወይ ትዪኝ ይሆናል። ከእኔ በላይ ያምናል። ወሬዬ በገበያተኛ ተሳፍሮ መርሳ ወርዶ፣ ግራናንና ውርጌሳን ዞሮ ሲመለስ ወፍሮ መጣ። አሁን መንፈሱ ፋኖስ ይይዛል አሉ። እኔ ፋኖስ አልሰጠሁትም። በዚያ ላይ ሚስማር ይቆጥራል። ባለፈው ቅዳሜ መስኮቱን ከፍቼ ቤቱን ሳናፍስ አንዲት ሴት በአጥሩ በኩል አማትባብኝ አለፈች። ቤታችሁ ደህና ነው። በኮርኒሱ አንድ ማዕዘን ውሃ ገብቷል፤ ግንበኛ ልጠራ ብል ማን ደፍሮ ይገባል? መንፈሴ ከሌባ ጋር ግንበኛንም አባረረ።

ኡበይደላ፣ የመርሳው ማንጎ ነጋዴ፣ የአባትሽ ደንበኛ፣ ሰሞኑን ወልድያ መጥቶ ነበር። እጄን ይዞ «ሰማሁ፣ አላህ ያጽናችሁ» አለኝ። ምኑን እንደ ሰማ ልጠይቀው ስል መኪናው ጥሩምባ ነፋበት መሰለኝ፣ ሮጠ። በኋላ ሳስበው ደስ አላለኝም። ትንሽ ነገር ይሆናል።

የመጨረሻውን ሲሶ እጠብቃለሁ።

ዘነበች


መቀሌ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘነበች

ሰላምታ አላበዛም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጽሐፉንም አሁን አልላክሁም።

እማዬ ለቅሶ ተቀምጣለች።

ሙሉ የምትባል የመርሳ ሴት ለዘመዷ ሠርግ እዚህ መጥታ ነበር። የወልድያ ሰው መሆናችንን ሰምታ እማዬን ልትጠይቅ ገባች። ክፋት የለባትም። እማዬ የምታውቅ መስሏት «አይ ጋሽ ካሕሱ፣ ነፍሱ እንኳ ቤቱን አልለቅ ብላ ጓጉንቸሩን ስታንቃቃ ትሰማለች አሉ» አለቻት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እማዬ «ማን ሰማ?» ብላ ጠየቀች። «ኧረ አገር ያውቀዋል፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁሉ» አለቻት ሴትየዋ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠች። ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት ጮኸች፤ በጩኸቷ ጎረቤት ተሰበሰበ።

እኔ ስደርስ ድንኳን ሊተከል ሰዎች እንጨት እያወረዱ ነበር። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌ ልኮ የሚያረዳት ሲጠብቅ ነበር የኖረው። ማለዳ በር ሳይንኳኳ፣ ሽማግሌ ሳይቆም፣ የአባዬ መርዶ በወሬ መጣ። «ሐሰት ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «ነይ ልጄ፣ አባትሽን አልቅሺ» አለችኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ? አለቀስኩ።

ቄሱ መሞቱ ሳይረጋገጥ ፍትሐት አይደረግም ብለዋል። እማዬ «እንግዲያው ያለ ፍትሐት አለቅሳለሁ» አለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች።

ምን ላድርግ? ይጻፉልኝ።

ዳናይት


ወልድያ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳናይት ልጄ

ዮናስ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቆሜ ነበር ያነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። አንድ ቤት አድናለሁ ብዬ ለወሬ የሰጠሁት ሰው ሞቶ ተለቀሰለት። መንፈስ መፍጠር እንደሚቀለኝ እንጂ ሬሳም አብሬ እንደምፈጥር አላሰብኩም። አፍሬያለሁ። ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደሌን እለፊው።

ንገሪያት። ዛሬውኑ ንገሪያት። ጓጉንቸሩን ያንቃቃው የለም፤ የማትሰማ ጎረቤት ናት ሰማሁ ያለችው በያት። ስድቧን እቀበላለሁ። አባትሽ ሞቷል የሚል ማስረጃ ማንም የለውም፤ አልሞተም የሚልም የለውም፤ ግን በእኔ ቅጥፈት አይቀበር። ልትታመም ትችላለች ብለሽ አትፍሪ። የሌለ መርዶ ተሸክማ ከምትቀመጥ እውነቱን ሰምታ ብትቆጣ ይሻላታል።

እኔ መርሳ እወርዳለሁ። ከዚህ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ፤ መጠየቁን ፈርቼው ኖሬያለሁ። ኡበይደላን አገኛለሁ። ያየ ካለ፣ የቀበረ ካለ፣ ያሳደረ ካለ አፈላልጌ ቁርጡን አመጣልሻለሁ። መርዶ ከሆነ በወግ ይነገራል፤ ምሥራች ከሆነ ራሴ መጥቼ እልል እላለሁ።

ነግሬያታለሁ የሚል አንድ መስመር ላኪልኝ።

ዘነበች


መቀሌ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘነበች

አንድ መስመር ላኪልኝ ብለውኛል። ያን መስመር መላክ አልቻልኩም። አልነገርኳትም።

አይቆጡኝ፤ ምክንያቴን ይስሙኝ። ለቅሶው ባለቀ ማግሥት እማዬ ተኛች። ረፋዱ ላይ የሞተች መስሎኝ ገብቼ ትንፋሿን አዳመጥኩ። አልሞተችም፤ እንቅልፍ ነው። ስትነሳ ምሳ ጠየቀችኝ። ወልድያን ከለቀቅን ወዲህ ምግብ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምለምናት። አሁን ከጎረቤቶች ጋር ተቀምጣ ስለ አባዬ ታወራለች። በፊት ስሙን ስጠራ «ተይ» ትለኝ ነበር። ሠርጋቸው ዕለት ጫማው ጠቦት እያነከሰ እንደ ገባ፣ ይህን እኔ እንኳ አላውቅም ነበር፣ እየነገረቻቸው ታስቃቸዋለች።

እንዴት ብዬ ነው «እማዬ፣ ተነሺ፣ መጠበቅሽን ቀጥዪ» የምላት?

የመጽሐፉን መጨረሻ ልኬልዎታለሁ። ኤሌክትሪከኛው በመጨረሻ ይመጣል፤ ይህን ብነግርዎት ግድ የለም። ከታች ቤት የሚመጣ ሽቦ በስሕተት ከእነሱ ቆጣሪ ጋር መታሰሩን ያገኛል። መንፈስ የለም፤ የጎረቤት አምፖል ነው። እርስዎ የፈለጉት ማብራሪያ ይኸው ተሰጠ። ቤተልሔም ግን ሽቦውን እንዳይነካው ትለምነዋለች፤ ለዳዊትም እንዳይነግረው። እዚያ ገጽ ላይ እርሳስዎን ከማንሣትዎ በፊት ቆም ብለው ያንብቡልኝ። እኔ ቤተልሔም ሞኝ ናት አልልም።

እማዬ እርስዎን ጠይቂልኝ ብላኛለች። «ዘነቡ ብቻዋን ደንግጣ ይሆናል» አለች።

እባክዎ፣ ለእሷ ምንም አይጻፉላት።

ዳናይት


ወልድያ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳናይት

አልተቆጣሁም። መቆጣትስ አምሮኝ ነበር፤ ከመርሳ ስመለስ የሚቆጣ ልብ አልቀረኝም።

ምን አገኙ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ በየተራ ልንገርሽ። ኡበይደላ በአክብሮት ተቀበለኝ። ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝና የምጠይቀውን ሁሉ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ መለሰልኝ። በምስጢር ልጠይቅ ሄጄ መርሳ ገበያ ሙሉ ሰማን። «ወላሂ እትዬ፣ ያን ቀን እዚህ ቆሞ ሰላም ተባብለናል። ወደ ወልድያ መኪና አጣ። በግራና በኩል ዞሬ እገባለሁ አለኝ። እደር ብለው፣ ቤተሰቤ ይሰጋል ብሎ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያየው አላገኘሁም» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱም ለዓመታት ሲያስበው የኖረ ሰው ነው።

ኡበይደላ ራሱ ግራና ይዞኝ ሄደ። እዚያ አንዱ ወደ ሐራ ሲሄድ አየሁት አለ። ሌላው የለም፣ ወደ ውርጌሳ ነው የተመለሰው አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ያለ ጥርጥር ሞቷል አሉኝ። በልቤ ቁርጡ ተገኘ ብዬ «በምን አወቁ አባቴ?» አልኳቸው። «ወልድያ ቤቱ ነፍሱ ጓጉንቸር ስታንቃቃ ይሰማል እኮ! በሕይወት ያለ ሰው ነፍሱ ትዞራለች?» አሉኝ።

ፍለጋዬ እዚህ ላይ አለቀ። የራሴ ቅጥፈት ማስረጃ ሆኖ በር ከፍቶ ጠበቀኝ። ኡበይደላም «አላህ ያጽናችሁ» ያለኝ በዚሁ ወሬ ነው። አሁን አንድ ሰው አባትሽን በሕይወት ቢያየው እንኳ የሚያምነው ያለ አይመስለኝም።

ስመለስ መጽሐፉን ጨረስኩ። እንዳልሽው ቆም ብዬ አነበብኩት። ቤተልሔምን ሞኝ አልላትም፤ ይህን አሸንፈሽኛል። አንቺ ግን አንድ ነገር ዘለሽ ነው ያነበብሽው። ኤሌክትሪከኛው ያየውን ነግሯታል። ሽቦው ከየት እንደ መጣ፣ የማን አምፖል እንደሆነ በጣቱ አሳይቷታል። ከዚያ በኋላ ይብራ ያለችው እሷ ናት፤ አውቃ ነው ያለችው። ደራሲያችን ያን ሰውዬ ዝም አሰኝቶት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የቤተልሔም አይሆንም ነበር፤ ተታላ የምትኖር የአንዲት ሴት ታሪክ ይሆን ነበር። እናትሽን እንደዚያ እንድናደርጋት አልፈልግም። መጠበቁም ማልቀሱም የእሷ ነው። እኔና አንቺ አንመርጥላትም።

ለእሷ አልጽፍም፤ እንዳልሽኝ ይሁን። ይህንን ደብዳቤ ግን አንብቢላት። ካልቻልሽ ከጥምቀት በኋላ ራሴ መጥቼ ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ፤ በዮናስ መኪና ቦታ ይዣለሁ።

ዘነበች


መቀሌ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘነበች

መምጣት አያስፈልግዎትም። ከመጡ ግን ለእንግድነት ይምጡ፤ አልጋ አለን።

ጥምቀት አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እማዬን አስቀምጬ ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጀምሬ አነበብኩላት። ስለ ደብሪቱ፣ ስለ ፌሮው፣ ስለ ግራና፣ ሁሉንም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ወረቀት አምጪ፣ የምልሽን ጻፊ፤ የፊደሉን ነገር ታርምልን» አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። ካለችው ላይ አልጨመርኩም፤ ልቀንስ የፈለግሁት ግን ነበር።

ዳናይት


ዘነቡ የኔ እናት፣

እንዴት ነሽ? ጆሮሽ እንዴት ሆነ? ቤቴን ስላተረፍሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። መጀመሪያ ይህን ልበል፤ ልጅቷ በደብዳቤ ብዛት ምስጋናውን ረስታዋለች።

አፈርኩ ብለሻል። ምን ያሳፍርሻል? እኔ መንፈስ አላመንኩም ዘነቡ። አርጅቻለሁ እንጂ አልጃጀሁም። ሴትየዋ ከመርሳ መጥታ ያንን ስትነግረኝ ወሬ እንደሆነ ያኔውኑ አውቄያለሁ። የገበያ ወሬ ሽታው መች ይጠፋኛል፤ ወልድያ ገበያ እኮ ነው ያረጀሁት። ካሕሱም ሞቶ ተመልሶ ቤት የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ቢመለስ ሱቁን ነበር የሚያየው።

ታዲያ ለምን ነጠላሽን አዘቀዘቅሽ ትይኝ ይሆናል። ልንገርሽ። ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው መጥቶ እንዲያረዳኝ ነው የጠበቅኩት። ሽማግሌ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር እኔ ዘንድ የመጣ መስሎኝ እነሳለሁ፤ አልፎ ሲሄድ ደግሞ እናደዳለሁ። ባለ ባል ነኝ እንዳልል ባሌ የለ፤ መበለት ነኝ እንዳልል ያረዳኝ የለ። የሰው ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፤ ማልቀስ ግን አልችልም፣ ሟርት ይሆንብኛል። ሠርግ ቤት እሄዳለሁ፤ እልል ማለት አልችልም። ሰዎች «እግዜር በሰላም ያምጣልሽ» ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ፤ አሜን ባልኩ ቁጥር አንድ ቀን ይጨመርብኛል። ማንም ደፍሮ ሞቷል አይለኝም። እኔ ደግሞ አንደበቴ እንዴት ይበል? ሚስቱ ነኝ እኮ። ሚስት ባሏን አታረዳም።

ያቺ የመርሳ ሴት ሳታውቀው አረዳችኝ። ወሬ ነው፤ አዎ። ግን የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። ይዤው ተቀመጥኩ። አልቅሼ ጠገብኩ፤ ሰውም ከኔ ጋር አለቀሰ። ጎረቤቶቼም ሲያለቅሱ ቀለላቸው፤ እነሱም ይህን ቀን ሲጠብቁ ነበር የኖሩት።

ልጄን አትቆጫት። እኔን ከእውነቱ ስትከልል ሰንብታለች፤ እኔም እውነቱን ማወቄን ከእሷ ከልዬ ነበር። እንዳታፍር ብዬ ነው። አሁን ይህንን እየጻፈች ታለቅሳለች። ተይ ብያታለሁ።

እንግዲህ ምረጪ ብለሽኛል። መርጫለሁ። ጥቁሬን አላወልቅም። ካሕሱ በሕይወት ካለ ይምጣ፤ እሰየው፤ የገዛ ለቅሶውን ድግስ ሰምቶ «ይህ ሁሉ ለኔ ነው?» ብሎ ይቆጣኝ፤ ያን ቀን ጥቁሬን እሱ ያውልቅልኝ። ከሌለ ደግሞ ሳላለቅስለት አልቀረሁም።

ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ከወልድያ ከወጣሁ ወዲህ ማታ በሬን ቀርቅሬ ተኝቼ አላውቅም። ገጠር እንዳለሁ ሁሉ ገርበብ አድርጌ ነበር የምተወው፤ ልጅቷ ስትተኛ ተነስቼ እከፍተዋለሁ። በክረምት ዝናቡ ይገባል፤ ውሻ ይገባል። መጥቶ ተዘግቶ ቢያገኘው፣ ትቶኝ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

ለቅሶው ያለቀ ቀን እንግዶቹን ሸኘሁ። ተመለስኩና በሩ ላይ ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ቀረቀርኩት።

ኣብርሀት